ከቫይረሱ በፊት ሴሉን፦ የአይጥና የሃምስተር ሴል ላይን በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ለቫይረስ ጥናት ማዘጋጀት

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በመሀል አዲስ አበባ፣ ከስድስት ኪሎ እስከ ሰፈረ ሰላም ባሉት የትምህርትና የምርምር ግቢዎች ውስጥ፣ የእንስሳትንና ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ ቫይረሶችን ለማጥናት ሴል ማሳደግ ለሚጀምሩ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ነው። አብዛኛው ጀማሪ ሐሳቡን ሁሉ በቫይረሱ ላይ ያሳርፍና ሴሉን እንደ ማንኛውም የላቦራቶሪ ዕቃ ያየዋል። እኔ የምመክረው ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ወራት ቫይረስ ሳይነኩ ሴል ብቻ እንዲያሳድጉ ነው። «ቫይረሱ አለ»፣ «የለም»፣ «ገደለ»፣ «አልገደለም» የሚለው መልስ ሁሉ የሚነበበው ከሴሉ ላይ ስለሆነ፣ የታመመ ሴል የሚሰጠው መልስ ከሐሰተኛ ምስክር ቃል አይሻልም።

የትኛው ሴል ለየትኛው ጥያቄ

ሴል ላይን ማለት ከእንስሳ አካል ተወስዶ በላቦራቶሪ ውስጥ ትውልድ በትውልድ ላይ እየተካ ሳይቋረጥ የሚራባ የሴል ዘር ነው። ከአይጥና ከመሰሎቿ ከተገኙት መካከል ለእንስሳት ቫይረስ ጥናት ከሁሉ በላይ ያገለገለው ቢኤችኬ-21 ነው። ይህ ዘር እ.ኤ.አ. በ1961 በግላስጎው የአንድ ቀን ዕድሜ ካላቸው የሃምስተር ግልገሎች ኩላሊት የተገኘ ሲሆን፣ ማክፈርሰንና ስቶከር በ1962 ይፋ አድርገውታል። በዚያው ዓመት የአፍተግር ቫይረስ በዚህ ሴል ላይ በሚገባ እንደሚራባ ታወቀ። እስከዚያ ድረስ ለክትባት ሥራ የከብት ምላስ ቆዳ ከቄራ እየተሰበሰበ ይሠራበት ስለነበር ግኝቱ የክትባት ፋብሪካዎችን አሠራር ከሥሩ ለውጦታል። ዛሬም የአፍተግር ክትባት በብዛት የሚመረተው በዚሁ ሴል ላይ ነው፤ በሀገራችንም የቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይጠቀምበታል። ቢኤችኬ-21 ለአፍሪካ የፈረስ በሽታና ለብሉታንግ (የበጎች «ሰማያዊ ምላስ» በሽታ) ቫይረሶችም ተስማሚ ነው። በደም ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ አንቲቦዲ መኖሩን ለመለካት በሚደረገው ምርመራም የሚያገለግለው እርሱ ነው፤ በዚህ ምርመራ በአንድ ሚሊ ሊትር ሴረም 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት እንደ በቂ ልክ ይወሰዳል።

በናሙና ውስጥ የእብድ ውሻ ቫይረስ መኖሩን ለማወቅ ግን የበለጠ የሚመረጠው ኒውሮ-2ኤ የተባለው፣ ከአይጥ የነርቭ ካንሰር ዕጢ የተገኘው ሴል ነው። ቫይረሱ ነርቭ ወዳድ በመሆኑ፣ ከጎዳና ውሻ በቀጥታ የመጣ ቫይረስ ይህን ሴል ከቢኤችኬ-21 ይልቅ በቀላሉ ይይዘዋል። ቀደም ሲል በፍሎረሰንት አንቲቦዲ ምርመራ (ቫይረሱን በሚያበራ ቀለም በሚያሳየው) ቫይረስ ያልታየበት አጠራጣሪ ናሙና በሕያው አይጥ አንጎል ውስጥ ተወግቶ አይጧ እስከ 28 ቀን ትጠበቅ ነበር። ኒውሮ-2ኤ ያንኑ መልስ በሁለትና በአራት ቀናት መካከል ይሰጣል፤ በውሻ የተነከሰ ልጇን ይዛ ውጤት ለምትጠብቅ እናት ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚከብድ ማስረዳት አያስፈልግም። በሀገራችን ከበግ አንጎል የሚዘጋጀው የፌርሚ ዓይነት ክትባት ለረጅም ዘመን ሲሰጥ እንደኖረ ለሚያስታውስ ሰውም፣ ከአንጎል ወደ ሴል የተደረገው ሽግግር የአሠራር ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ሦስተኛው ኤል929 ነው፤ ከአይጥ የተገኘ እጅግ የቆየ ዘር ሲሆን ሴሎች ቫይረስን ለመከላከል ለሚያመነጩት ፕሮቲን፣ ለኢንተርፌሮን፣ ጥሩ ምላሽ ስለሚሰጥ የኢንተርፌሮንን መጠን ለመለካት ለብዙ ዓመታት አገልግሏል። ጀማሪዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነጥብ እዚህ ላይ አለ። ቢኤችኬ-21 ቫይረስን አብዝቶ የሚያራባው፣ በከፊል፣ ኢንተርፌሮን በማመንጨት ረገድ ደካማ በመሆኑ ነው። ስለዚህ ቫይረስ ለማብዛት ወይም አንቲቦዲ ለመለካት ተመራጭ ሲሆን፣ «ሴሉ ቫይረሱን እንዴት ይከላከለዋል?» ለሚል ጥያቄ ግን የተሳሳተ ምርጫ ነው።

የአይጥ ወገን ሴሎች ለሁሉም አይሆኑም። የበግ ፈንጣጣንና የእርሱን ዘመዶች የሚያጠና ሰው ወደ በግ፣ ፍየል ወይም ከብት ሴሎች መሄድ አለበት። ለአፍተግር እንኳ ከታመመ ከብት የመጣን ጥቂት ቫይረስ ለማግኘት ከቢኤችኬ-21 ይልቅ ከጥጃ የእንቅርት ዕጢ (ታይሮይድ) በቀጥታ የተወሰደ ሴል ይበልጣል። በተጨማሪም የአፍተግር ቫይረስ በቢኤችኬ-21 ላይ ደጋግሞ ሲያልፍ ወደ ሴሉ የሚገባበትን በር ይለውጣል፤ በእንስሳው አካል ኢንተግሪን በሚባሉት ተቀባዮች ሲገባ የነበረው በላቦራቶሪ ሄፓራን ሰልፌት የተባለውን በሴሉ ገጽ ላይ ያለ የስኳር ሰንሰለት መጠቀም ይለምዳል። ከብዙ ፓሴጅ (ከፍላስክ ወደ ፍላስክ መተላለፍ) በኋላ የሚጠና ቫይረስ በመስክ ካለው ጋር አንድ ነው ብሎ መደምደም የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል አንድ የሰው ቫይረስ በአይጥ ሴል ላይ አለመራባቱ ቫይረሱ ደካማ ነው ማለት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ የተነሣው የኮቪድ ቫይረስ በመጀመሪያው መልኩ የአይጥን ተቀባይ መጠቀም ስለማይችል የተለመዱት የአይጥ ሴሎች አልተያዙለትም። እግረ መንገዴን ላንሣው፣ ብዙ ጊዜ በዚህ ረድፍ የሚጻፈው አርኬ-13 ከጥንቸል የመጣ ነው፤ ጥንቸል ደግሞ በሳይንሳዊ ምደባ ከአይጥ ወገን አትቆጠርም።

ሴሉን መቀበልና ማንቃት

ሴል ከጎረቤት ላቦራቶሪ በፍላስክ ተቀብሎ ሥራ መጀመር በእኛ ከተማ የተለመደ ነው፤ ጓደኝነቱ መልካም ቢሆንም ልማዱ አደገኛ ነው። ከታወቀ የሴል ባንክ የመጣ፣ የፓሴጅ ቁጥሩ የተጻፈ ዘር ካልተገኘ፣ የተቀበሉትን ሴል ቢያንስ የእንስሳ ዝርያውን በዘረመል ምርመራ ያረጋግጡ። «ቢኤችኬ» ተብሎ የተሰጠ ፍላስክ በውስጡ ከጦጣ ኩላሊት የተገኘ ቬሮ ሊይዝ ይችላል፤ ይህንንም በማይክሮስኮፕ ብቻ ለይቶ የሚያውቅ ዐይን ብርቅ ነው። አዲስ የመጣ ሴል ከሌሎቹ ተለይቶ፣ በተቻለ መጠን በሌላ ኢንኩቤተር፣ ካልተቻለም በቀኑ ሥራ መጨረሻ ላይ ብቻ እየተነካ፣ ምርመራው እስኪያልቅ ይቆይ።

በረዶ የሆነውን ቫያል በ37 ዲግሪ ውኃ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ያህል እያወዛወዙ ትንሽ የበረዶ ቅንጣት ሲቀር ያውጡት፤ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ የነበረ ቫያል ሊፈነዳ ስለሚችል የፊት መከላከያ ግዴታ ነው። ቫያሉን በአልኮል ከጠረጉ በኋላ ይዘቱን በሞቀ ሚዲየም (ሴሉ በሚመገበው ፈሳሽ) ላይ በዝግታ ጠብ እያደረጉ ያክሉ። ለማቅለጥ መፍጠን፣ ለማቀዝቀዝ መዘግየት የአብዛኞቹ ሴሎች ሕግ ነው። በማግስቱ ሚዲየሙን ቀይረው ሴሎቹ ከፍላስኩ ወለል ጋር መጣበቃቸውን ይመልከቱ፤ ከሁለት ፓሴጅ በፊት ግን ለምንም ሙከራ አይጠቀሙባቸው።

የከተማችን ከፍታ የሚያመጣው ጣጣ

ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች አብዛኞቹ የተጻፉት ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ባላሉ ከተሞች ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በኢንኩቤተር ውስጥ የሴሉን ሚዲየም ፒኤች የሚወስነው በሚዲየሙ ያለው ባይካርቦኔትና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፊል ግፊት ሲሆን፣ ማሽኑ ላይ የሚጻፈው «5 በመቶ» ግን ግፊትን ሳይሆን ድርሻን የሚናገር ነው። የሦስት አራተኛ ግፊት 5 በመቶ፣ ከባሕር ወለል 5 በመቶ ያነሰ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ሚዲየሙ ያስገባል፤ ስሌቱ ሲሠራ ፒኤቹ በ0.12 ወይም 0.13 ከፍ ይላል። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም፣ ሚዲየሙ ከመጀመሪያውም ወደ ላይ ያጋደለ ከሆነ ሴሉን ለማዘግየት ይበቃል።

ይህን የተማርሁት በራሴ ስሕተት ነው። በአንድ ክረምት ቢኤችኬ-21 በሦስት ቀን ይሞላ የነበረውን ፍላስክ በስድስት ቀንም መሙላት አቃተው። መጀመሪያ ሴረሙን ወቀስሁ፣ ቀጥሎ ውኃውን፣ ከዚያም አብራኝ የምትሠራውን ባለሙያ እጅ ጠረጠርሁ። ሚዲየሙ ግን በየማለዳው ከብርቱካናማ ቀይ ይልቅ ወደ ሐምራዊ ያዘነበለ ቀለም እያሳየ መልሱን ሲነግረኝ ቆይቷል። የምጠቀምበት ዲኤምኢኤም በሊትር 3.7 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት የያዘ፣ ማለትም ለ10 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተቀመረ ነበር፤ እኔ ደግሞ በ5 በመቶ ላይ፣ ያውም በአዲስ አበባ አየር፣ አስቀምጨዋለሁ። ባለሙያዋን ይቅርታ ጠይቄ ማሽኑን አስተካከልሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሴል የሌለበት ሚዲየም ክዳኑ ላላ ባለ ፍላስክ አድርገው ሌሊቱን ኢንኩቤተር ውስጥ ያሳድሩትና ጠዋት እንዳወጡት ወዲያው ፒኤቹን ይለኩ፤ ከ7.2 እስከ 7.4 እስኪደርስ የካርቦን ዳይኦክሳይዱን መጠን በጥቂት በጥቂቱ ያስተካክሉ። በባሕር ወለል 5 በመቶ ለሚጠይቅ ሚዲየም፣ በእኛ ከተማ ከ6.5 እስከ 7 በመቶ ያለው መጠን ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል። አንዳንድ ማሽኖች የአየር ግፊትን ራሳቸው አስልተው ያርማሉ፣ ሌሎቹ አያርሙም፤ ስለዚህ የማሽኑን ሰሌዳ ሳይሆን የፒኤች ልኬቱን ይመኑ።

መብራት ሲጠፋ የኢንኩቤተሩን በር አይክፈቱ። ለአስቸኳይ ጊዜ ክዳናቸው ጥብቅ የሆነ ፍላስኮችንና ከ10 እስከ 25 ሚሊ ሞላር ሄፕስ (ፒኤችን የሚያረጋጋ ኬሚካል) የተጨመረበት ሚዲየም ማዘጋጀት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ባለቀበት ሰንበትም ይጠቅማል። በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት ሻጋታ ይበዛል፤ በዙሪያችን የሚፈርሰውና የሚገነባው የሚያነሣው አቧራም በመስኮት ይገባል። የሴል ክፍል መስኮት በበጋም በክረምትም አይከፈት።

ማካፈል፣ መቁጠርና ማስቀመጥ

ቢኤችኬ-21 ፈጣን ነው፤ ፍላስኩ ከመሙላቱ በፊት፣ 80 በመቶ ገደማ ሲሸፍን፣ ሴሉን ከወለሉ በሚያላቅቀው ኤንዛይም፣ በትሪፕሲን፣ አንሥተው ከአንድ ለአራት እስከ አንድ ለአሥር ባለው መጠን ያካፍሉት። ሞልቶ ተደራርቦ የቆየ ሴል በማግስቱ ቢካፈልም ለቫይረስ የሚሰጠው ምላሽ ወጣ ገባ ይሆናል። ኒውሮ-2ኤ ግን ወለሉን አጥብቆ አይዝም፤ ብዙውን ጊዜ በፒፔት ሚዲየም እየረጩ ማንሣት ይቻላል፣ ትሪፕሲን ቢያስፈልግም ለአጭር ጊዜ ብቻ ይሁን። ሚዲየሙን ሲደፉና ሲቀይሩ ፈሳሹን በሴሉ ላይ ሳይሆን በተቃራኒው ግድግዳ ያውርዱ፤ አለበለዚያ የሙከራዎ ግማሽ ወደ ቆሻሻ ዕቃ ይሄዳል።

በዐይን ግምት አይሥሩ፣ ይቁጠሩ። ሴሉን በእኩል መጠን የሞተውን ሴል ብቻ ሰማያዊ ከሚያደርገው ቀለም፣ ከትሪፓን ብሉ፣ ጋር ቀላቅለው በመቁጠሪያ ስላይዱ አራት ማዕዘናት ያሉትን፣ ሰማያዊ ያልሆኑትን ብቻ ይቁጠሩ። በአራቱ ድምር 212 ቢያገኙ አማካዩ 53 ነው፤ በ2 ሲባዛ 106፣ በ10,000 ሲባዛ በአንድ ሚሊ ሊትር 1,060,000 ሕያው ሴል ይሆናል። ከመቶው 90 ያህሉ ሕያው ካልሆኑ በዚያ ቀን ለሙከራ አይዝሩት።

ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሴል ማስቀመጥ ይጀምሩ። በዝቅተኛ ፓሴጅ ላይ ያሉትን፣ በአንድ ቫያል ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን ሴል፣ 10 በመቶ ዲኤምኤስኦ (ሴሉን ከበረዶ ጉዳት የሚጠብቅ ኬሚካል) ባለው ሴረም ውስጥ በደቂቃ አንድ ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዙ ወደ ሰማንያ ዲግሪ ከዜሮ በታች ያድርሷቸው፤ በማግስቱ ወደ ፈሳሽ ናይትሮጅን ያዛውሯቸው። ከእነዚህ የተወሰኑት «እናት ባንክ» ሆነው አይነኩ፤ ለዕለት ሥራ የሚሆነው ባንክ ከእናቲቱ አንድ ቫያል ተነሥቶ የሚዘጋጅ ይሁን። የናይትሮጅኑን ዕቃ መጠን በሳምንት አንድ ቀን በመለኪያ ዘንግ ይለኩና ይመዝግቡ፤ የኮርማ ዘር ይዘው ገጠር ለገጠር የሚዞሩ የማዳቀል ቴክኒሻኖች ይህን ልማድ ከእኛ በተሻለ ይጠብቁታል። ናይትሮጅን በመኪና ሲያጓጉዙ መስኮት ይክፈቱ፤ ጋዙ ኦክስጅንን ስለሚተካ ሽታ ሳይኖረው ሰውን ራሱን ያስታል።

የማይታዩት እንግዶች

ባክቴሪያና ሻጋታ ሚዲየሙን ስለሚያደፈርሱ ራሳቸውን ያጋልጣሉ። ማይኮፕላዝማ ግን ሚዲየሙን ሳያደፈርስ፣ ሴሉን ሳይገድል፣ ለወራት አብሮ ይኖራል፤ የሴል ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይነካውም፣ በ0.2 ማይክሮን ማጣሪያም ሊያልፍ ይችላል። የሴሉን ምግብ ይሻማል፣ የመከላከያ ምላሹን ይቀሰቅሳል፣ በዚህም የቫይረሱን ውጤት ያዛባል። ሴሉ ሲመጣ፣ ባንክ ከመግባቱ በፊትና ከዚያም ቢያንስ በየሦስት ወሩ በፒሲአር ወይም ዲኤንኤ በሚያበራ ቀለም ይመርመሩ። የተገኘበትን ፍላስክ ለማዳን በመድኃኒት መድከም፣ ሴሉ ሌላ ምንጭ የሌለው ብርቅዬ ካልሆነ በቀር፣ አያዋጣም፤ ይጣልና ከእናት ባንክ ይጀመር። ለዚሁ ሲባል በየቀኑ አንቲባዮቲክ መጨመርን አልደግፍም፤ ችግሩን ይሸፍናል እንጂ አይፈታም።

ሴረም ሁለተኛው በር ነው። የጥጃ ሽል ሴረም ቢቪዲ የተባለውን የከብት ተቅማጥ ቫይረስ ወይም የእርሱን ዘረመል ተሸክሞ ሊመጣ ይችላል፤ የአይጥ ወገን ሴሎች ለዚህ ቫይረስ ብዙም የማይመቹ ቢሆኑም፣ የከብት ናሙና በፒሲአር ለሚመረምር ሰው ቅሪቱ ሐሰተኛ ውጤት ሊሰጠው ይችላል። ሴረሙ በሚያጠኑት ቫይረስ ላይ አንቲቦዲ ካለውም ሙከራውን በጸጥታ ያከሽፋል፤ እያንዳንዱን አዲስ ባች ከመግዛትዎ በፊት በትንሹ ይሞክሩት።

ሦስተኛው እንግዳ ከሴሉ ከራሱ የሚመነጭ ነው። የአይጥና የሃምስተር ሴሎች በዘረመላቸው ውስጥ የጥንት ሬትሮቫይረሶች ቅሪት ይዘዋል። ከዚህ በላይ የሚያሳስቡት ደግሞ ከታመመ እንስሳ ጋር ሊመጡ የሚችሉት፣ ከአይጥ የሚተላለፍ ማጅራት ገትርን የሚያስከትለው ኤልሲኤም ቫይረስና ሃንታ ቫይረስ ናቸው፤ ከተበከሉ የአይጥና የሃምስተር ዕጢዎች ወደ ላቦራቶሪ ሠራተኞች የተላለፉበት ጊዜ ነበር። «ሴል ብቻ ነው፣ ቫይረስ የለበትም» ተብሎ ያለ ጓንት የሚነካ ፍላስክ ስለዚህ አይኖርም።

ወደ ቫይረሱ ሲደረስ

የትኛው ቫይረስ የት ሊያዝ እንደሚችል የሚወስነው የተቋሙ የባዮሴፍቲ ኮሚቴና የሚመለከተው የመንግሥት አካል ነው። ሕያው የአፍተግርና የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ቫይረሶች መሀል ከተማ ባለ ተራ ላቦራቶሪ የሚነኩ አይደሉም። የእብድ ውሻ ምርመራን በተመለከተ፣ ቅድመ መከላከያ ክትባቱን ያልጨረሰና የአንቲቦዲ መጠኑ ያልታወቀ ሰው ወደ ክፍሉ አይግባ፤ ይህ ሕግ ልዩ ሁኔታ የለውም።

ውጤት ሲነበብ የመጀመሪያው ጥያቄ ምንም ያልተጨመረበት የቁጥጥር ሴል እንዴት ሆነ የሚለው ነው። እርሱ ካልተስተካከለ ሌላው ሁሉ አይነበብም። የእብድ ውሻ ቫይረስ በኒውሮ-2ኤ ላይ በአብዛኛው የሚታይ ጉዳት አያደርስም፤ ሴሉ ጤነኛ መስሎ በውስጡ ቫይረሱን ይዞ ሊገኝ ስለሚችል በፍሎረሰንት አንቲቦዲ ሳይቀባ «የለም» አይባልም። በተቃራኒው የቆየና የበሰበሰ የአንጎል ናሙና ቫይረስ ሳይኖርበት ሴሉን በመርዛማነቱ ይገድለዋል፤ ጀማሪ ይህን አይቶ ቫይረስ አገኘሁ ይላል። ሁለቱን ለመለየት መርዛማነት ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንደሚታይና ናሙናው ሲቀጥን እንደሚጠፋ ማስታወስ ይረዳል። በእያንዳንዱ ዙር የታወቀ አዎንታዊና የታወቀ አሉታዊ ናሙና ጎን ለጎን ይኑር፤ የሴሉ የፓሴጅ ቁጥርም ከውጤቱ ጋር በአንድ መስመር ይጻፍ። ዘሩ ምን ያህል ፓሴጅ እንደሚያገለግል አስቀድመው ወሰን ያብጁ፤ ወሰኑ ሲደርስ ጤነኛ ቢመስልም ይጣል።

የሚጣለው ሁሉ ጀርሞችን በግፊት እንፋሎት በሚገድለው ማሽን፣ በኦቶክሌቭ፣ ያልፋል፤ ከፍታችን እዚህም ይከተለናል። የግፊት መለኪያ ብቻ ያለው አሮጌ ኦቶክሌቭ በተለመደው 15 ፒኤስአይ ላይ ቢቆም በአዲስ አበባ የእንፋሎቱ ሙቀት 121 ሳይሆን 117 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 121 ለመድረስ መለኪያው ወደ 19 ፒኤስአይ መጠጋት ይኖርበታል። ማሽኑ ይህን ግፊት እንዲሸከም መፈቀዱን ከሰነዱ አረጋግጡ፤ ካልተፈቀደ ግፊቱን አይጨምሩ፣ በሙቀት መለኪያ የሚመራ ማሽን ይፈልጉ። በሙቀት የሚመራው ማሽን ይህ ችግር የለበትም። በሁለቱም ላይ ግን ሙቀት የሚቋቋሙ የባክቴሪያ ስፖሮች የያዘ የመፈተሻ አምፑል በቆሻሻው ከረጢት መሀል አስገብተው፣ ከዙሩ በኋላ በኢንኩቤተር አቆይተው ስፖሮቹ መሞታቸውን ሳያረጋግጡ ከረጢቱ ከግቢው አይውጣ።